ያልጠረግኩት የጣት አሻራ

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስትሞት ለእኔ የደረሰኝ መቀሷ ነው። ከባድ የጨርቅ መቀስ፣ እጀታው ጥቁር ቀለም የተቀባ። አውራ ጣቷ የሚገባበት ቀለበት ላይ ቀለሙ አልቆ ብረቱ ያብረቀርቅ ነበር። ብሎኑ ዙሪያ ደግሞ ቀይ ዝገት ይዞ ነበር።

እኔ ይህን መቀስ አጸዳሁት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦና በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ዝገቱም ለቀቀ፣ ቀለሙም ለቀቀ። አመሻሹ ላይ መቀሱ ትናንት ከሱቅ የተገዛ መሰለ። ደስ ብሎኝ ለእህቴ አሳየኋት። እጀታውን እያገላበጠች ትንሽ አየችውና «እማዬ የምትይዝበት የቱ ጋ ነበር?» አለችኝ።

ማሳየት አልቻልኩም። ሁሉም ቦታ እኩል ያበራል። እናቴ ቢያንስ 30 ዓመት ይዛው በአውራ ጣቷ ያመጣችውን ልዩነት እኔ በሦስት ሰዓት አጠፋሁት።

ይህን መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ እንዳትደግሙት ብዬ ነው። የሞተ ሰው ዕቃ እጃችሁ ከገባ ሽቦና አሲድ ከማንሳታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ እዩት። ፎቶ አንሱት። የቱ ጋ እንዳበራ፣ የቱ ጋ እንደዛገ፣ የቱ ጋ እንደጎደለ ጻፉ። ሮም ውስጥ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ያለው የሐዋርያው የነሐስ ሐውልት ቀኝ እግሩ ተልጎ ጣቶቹ አንዱ ካንዱ አይለይም ለማለት ይቻላል። ማንም በሞረድ አልነካውም። ለዘመናት የመጣው ምዕመን እየዳሰሰና እየሳመ ነው ያለሰለሰው። የእናቴ አውራ ጣትም ያንኑ ሥራ ነበር የሚሠራው። እኔ ግን ቆሻሻ መሰለኝ።

ያን ጊዜ የብረታ ብረት ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። አምባር፣ የጆሮ ጌጥ፣ ትንንሽ ሳህን እሠራለሁ። የሰው ማስታወሻ የሚሆን ነገር ግን ሞክሬ አላውቅም። ከመቀሱ ጸጸት በኋላ ለእናቴ አንድ ነገር ካልሠራሁ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ማንም የሚያስበውን ነው፤ ፊቷን። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ላሜራ ወሰድኩ። ዝፍት ላይ አጣበቅኩት። ዝፍት ላሜራውን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ስትመቱት ግን ጎድጎድ ይልላችኋል። ከኋላ በኩል ጫፉ በደነዘዘ መምቻ ጉንጯንና አፍንጫዋን አሳበጥኩ። ከዚያ ገልብጬ ከፊት በኩል ዓይኗንና ከንፈሯን በቀጭን መምቻ አወጣሁ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱም ጊዜ ሴት ወጣች። እናቴ ግን አልወጣችም።

ሦስተኛውን ይዤ ሥራውን ወዳስተማሩኝ ሰውዬ ሄድኩ። እኛ ተማሪዎቹ ጋሼ ነው የምንላቸው። አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፎቶ አላት?» አሉኝ።

«አላት ጋሼ፣ ብዙ አላት።»

«ታዲያ ፎቶውን በመዶሻ ለምን ትደግሚዋለሽ? እጇ ምን ይሠራ ነበር?»

ስለ መቀሱ ነገርኳቸው። ስለ ማጽዳቴም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ያንን ነው የምትሠሪው» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። እነሆ እኔ የገባኝ። ትዝታን በብረት ለመሥራት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል ይፈልጋል። ፊት፣ ቤት፣ አበባ፣ የተጻፈ ስም። ሥዕሉን ወረቀትም ይይዘዋል። ብረት ከወረቀት የሚለየው የሆነበትን ሁሉ ስለሚይዝ ነው። ሲመታ፣ ሲግል፣ ዝናብ ሲያገኘው፣ ሰው ሲነካው፣ ሁሉም ምልክት ትቶበት ያልፋል። እኔ ማድረግ የነበረብኝ ለዚህ ነገር ቦታ መልቀቅ ነበር።

አሜሪካዊው ቀራጺ ሪቻርድ ሴራ (1938–2024፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በልጅነቱ፣ በልደቱ ቀን፣ አባቱ በሚሠራበት የመርከብ ማምረቻ አንድ መርከብ ወደ ውሃ ሲለቀቅ ያየ ሰው ነው። ያ ግዙፍ ብረት ውሃው ላይ ሲያርፍ ቅልል ማለቱ ዕድሜ ልኩን በሕልሙ እየመጣ እንደተከተለው ተናግሯል። ሥራዎቹን ብታዩ ግን አንድም የመርከብ ምስል የለም። በስፔን፣ ቢልባኦ ጉገንሃይም ሙዚየም ውስጥ ከ2005 ጀምሮ አብረው የቆሙት ስምንቱ ግዙፍ የብረት ሥራዎቹ ሰው በመካከላቸው የሚሄድባቸው የተጠማዘዙ ግድግዳዎች ናቸው። የዛገ ብረት ነው። ክብደቱ ከላያችሁ ያዘነበለ ይመስላል። ሰውየው የወሰደው የመርከቡን መልክ ሳይሆን የክብደትና የቅለቱን ስሜት ነው። ይህን ሳነብ ነው የጋሼ ነገር ቁልጭ ብሎ የታየኝ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልመለስ። ለጀማሪ ከሁሉ በፊት መዳብን እመክራለሁ። ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይማራል፤ ያስተምራልም።

መዳብ በመዶሻ ሲመታ እየደነደነ ይሄዳል። ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ለስላሳው ሲመታ ዱብ ዱብ ይላል። የደነደነው ቀጭን ድምፅ አውጥቶ ይጮኻል፤ መዶሻውንም ወደ ላይ ያነጥራል። እዚህ ላይ ካላቆማችሁ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እሳት ላይ አድርጋችሁ ታግሉታላችሁ። ክፍሉን ትንሽ አጨልሙ፤ በደማቅ ብርሃን የብረቱ ቅላት ስለማይታይ ሳታውቁት ታሳልፉታላችሁ። ደብዘዝ ያለ ቅላት እንዳያችሁ እሳቱን አንሱ። መዳብ የሚቀልጠው 1085 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ነው፤ እዚያ አካባቢ መድረስ አያስፈልግም። ከዚያ ውሃ ውስጥ ብትነክሩትም ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ቢላ የሚሠራበት ብረት እንዲህ ቢደረግ ይደነድን ነበር፤ መዳብ ግን ይላላል።

እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው። እሳቱ ድንዳኔውን ያጠፋዋል። የመዶሻውን ምልክት ግን አያጠፋውም። ብረቱ እንደገና ልስልስ ብሎ የመታችሁትን ሁሉ እላዩ ላይ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ለማስታወሻ በሚሠራ ነገር ላይ የመዶሻ ምልክት በሞረድ ስታስተካክሉ ሁለት ጊዜ አስቡ። ለአምባር ይስተካከል። ለዚህ ግን ይቆይ። እኔ አሁን ስንት ቀን እንደሠራሁት፣ የቱ ቀን እንደደከመኝ ከምልክቶቹ ጥልቀት ለይቼ ማየት እችላለሁ።

ለእናቴ የሠራሁት የመጀመሪያው ሥራ 12 የመዳብ ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ማንም ሊሞክረው ይችላል። አሥራ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቆረጥኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ ቅባት እንዳይቀር በሳሙና አጽድቼ አደረቅኩ። ጀርባቸው ላይ በቁጥር ማተሚያ ከ1 እስከ 12 መታሁ። ከዚያ ውጪ፣ ዝናብና ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው። በየ30 ቀኑ አንድ አወርዳለሁ። ያወረድኩትን አድርቄ በሰም እዘጋዋለሁ። የመጀመሪያው 30 ቀን ብቻ ነው ውጪ የቆየው። የመጨረሻው 360 ቀን ቆየ። ጎን ለጎን ሲደረደሩ ከሞተች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ መስቀያው ላይ ነበር። ተራ የብረት ሚስማር ተጠቀምኩ። በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ መጣ። በየሚስማሩ ሥር ቡናማ የዝገት እንባ ወደ ታች ወረደ። መዳብና ብረት ተነካክተው ውሃ ካገኛቸው ብረቱ ቶሎ ቶሎ ይበላል። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት ቆዳው 2.4 ሚሊ ሜትር መዳብ ነው፤ ቆዳውን ከውስጥ የሚይዙት ዘንጎች ብረት ነበሩ። ሁለቱ እንዳይነካኩ መሃል የተደረገው ነገር ሲያረጅ ብረቱ ክፉኛ ተበላ። በ1984 የተጀመረው እድሳት ያንን ብረት አውጥቶ በማይዝግ ብረት የቀየረው ለዚህ ነው። እኔም ሚስማሮቹን ነቅዬ በመዳብ ሽቦ ሰቀልኳቸው። የወረደውን እንባ ግን አልነካሁትም። ከመቀሱ ተምሬያለሁ።

መዳቡ እንዴት እንደተለወጠ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነበር። አዲስ ሲሆን ሮዝ የሚመስል ደማቅ ቀለም አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ድንግዝ አለ። በ30ኛው ቀን የዝናብ ጠብታ የነካው ሁሉ ክብ ክብ እየሠራ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካንማ፣ ቡናማ ሆኗል። በሦስተኛው ወር ሙሉ ቡናማ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ለውጡ ዘገየ። ስምንተኛውንና አሥራ ሁለተኛውን ጎን ለጎን ይዤ በፀሐይ ብርሃን ካላየሁ ልዩነታቸው አይገባኝም። እኔ በየወሩ እኩል እኩል የሚጠቁር መሰላል ነበር በሐሳቤ የሳልኩት። መዳብ እንደዚያ አይሄድም። መጀመሪያ ይጣደፋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዓመቱ ለእኔም እንደዚያ ነበር ያለፈው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እያንዳንዱ ቀን የተለየ ነበር። የኋለኞቹን አሁን ሳስባቸው አንዱን ካንዱ አልለየውም።

አረንጓዴ የጠበቃችሁ ካላችሁ በዓመት ውስጥ አይመጣም። የነጻነት ሐውልት በ1886 ሲመረቅ የመዳብ ቀለም ነበር። ሙሉ ለሙሉ አረንጓዴ ለመሆን ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። አረንጓዴው ሲመጣ ሰዎች ሐውልቱ እየተበላሸ መስሏቸው በ1906 ይቀባ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ሕዝቡ ተቃወመ። መሐንዲሶችም መርምረው ያ አረንጓዴ ሽፋን ከሥሩ ያለውን መዳብ እንደሚጠብቀው ተናገሩ። ስለዚህ ተተወ። የብረት ዝገት ግን እንዲህ አይደለም፤ እየተላጠ ይወድቃል፣ ከሥሩ አዲስ ብረት ይጋለጣል፣ እንደገና ይበላል። ሴራ የተጠቀመበት ዓይነት ብረት ውስጥ ጥቂት መዳብ፣ ክሮምና ኒኬል ስላለበት ዝገቱ ተጣብቆ ይቆያል። ውጪ የሚቆም የዛገ ሥራ የምታስቡ ከሆነ ይህን ልዩነት ሳታውቁ ብረት አትግዙ።

ወደ አምስተኛው ሰሌዳ ልምጣ። ስሰቅላቸው እህቴ እያቀበለች ታግዘኝ ነበር። እኔ ጓንት አድርጌያለሁ፤ እሷ ባዶ እጇን ነበረች። ያን ቀን ምንም አልታየም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አምስተኛው ሰሌዳ የታችኛው ጥግ ላይ ሞላላ ጥቁር ነገር ወጣ። ቀረብ ብዬ በማጉያ መነጽር አየሁት። አውራ ጣት ነው። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። መሃል ላይ እንደ ጠመዝማዛ ክር ይዞራሉ፣ ወደ ግራ በኩል ይለጠጣሉ፣ አንድ ቦታ ላይ በሰያፍ ተቆርጠዋል። የተቆረጠው የጠባሳዋ ምልክት ነው። ልጅ ሆና በእናቴ መቀስ የቆረጠችው ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እናቴ ጣቷን በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልላ ይዛት ስትቀመጥ አስታውሳለሁ። የጨርቁን ቀለም ሳይቀር።

ምክንያቱ ተራ ነው። ላብ ውስጥ ጨውና አሲድ አለ፤ ቆዳ ላይ ቅባት አለ። የነካው ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይለወጣል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሠራተኛ የጸዳ መዳብ በባዶ እጁ የማይነካው። ጋሼ ቢያዩት «በኮምጣጤና በጨው ጥረጊው፣ ይለቃል» ይሉኝ ነበር። እውነት ነው፣ ይለቃል። እኔ ግን አልጠረግኩትም። በ150ኛው ቀን አወረድኩት፣ እንዳለ በሰም ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ይህንኑ ነው የምመክረው። ለምትወዱት ሰው ማስታወሻ የምትሠሩ ከሆነ ሌሎች የሚያስታውሱትም እንዲነኩት አድርጉ። ብረቱን አጽዱ፣ በባዶ እጃቸው አንዴ ይጫኑት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ስም ከመቅረጽ ይበልጣል።

ዓመት ለመጠበቅ ጊዜ የሌለው ሰው ቀለሙን ማፋጠን ይችላል። እኔም ለሌሎች ሥራዎች አደርገዋለሁ። ሰሌዳውን በጨው ውሃ ረጭታችሁ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከሥር ትንሽ አሞኒያ ካስቀመጣችሁ በኋላ ፈሳሹን ሳይነካ ከላይ አንጠልጥላችሁ ትዘጉታላችሁ። ባንድ ወይም በሁለት ቀን ሰማያዊና አረንጓዴ ይይዛል። በጣም ያምራል። ግን ውጪ ወይም መስኮት በተከፈተበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን አዙሩ። አሞኒያንም ሆነ ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር በምንም ዓይነት አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። የአንድ ቀኑ አረንጓዴና የ30 ዓመቱ አረንጓዴ ስታዩዋቸው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለ ጊዜ የሚናገር ሥራ ከሆነ ግን እኔ የአንድ ቀኑን አልጠቀምም። ጊዜው እዚያ ውስጥ የለም።

ስለ ጤና ካነሳሁ አንድ ሌላም አለ። አንዴ የአሮጌ ጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ ለሥራ ብዬ እሳት ላይ አጋልኩ። ዚንክ የተለበጠ መሆኑን አላሰብኩም። ነጭ ጭስ ወጣ። ያን ሰዓት ምንም አልሆንኩም። ማታ ግን አፌ ብረት ብረት አለኝ፣ አንቀጠቀጠኝ፣ ወባ የያዘኝ ነው የመሰለኝ። በማግስቱ ተሻለኝ። የዚንክ ጭስ ነው እንዲህ የሚያደርገው። አሮጌ ዕቃ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን በደንብ መያዝ አለብን፤ የሰው ትዝታ ያለበት ብረት ብዙውን ጊዜ የተለበጠ፣ የተቀባ ወይም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነው። ያላወቃችሁትን ብረት እሳት ላይ አታድርጉ። ቀዝቃዛ እንዳለ መቁረጥ፣ መበሳት፣ በሽቦ መስፋት፣ በብሎን ማያያዝ ይቻላል።

ደግሞም ሁሉን ማቅለጥ አያስፈልግም። ሞዛምቢክ ውስጥ ከ1977 እስከ 1992 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1995 አንድ ፕሮጀክት ተጀመረ። ሰዎች የደበቁትን መሣሪያ እያመጡ በምትኩ ብስክሌት፣ የእርሻ መሣሪያ፣ የልብስ ስፌት መኪና ይወስዱ ነበር። ኬስተር በሚል ስም የሚታወቀው ቀራጺ በ2001 ከተቆራረጡት ጠመንጃዎች አንድ ወንበር ሠራ። አሁን ያለው በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ጠመንጃዎቹን አላቀለጣቸውም። ሰደፉም አፈሙዙም ይታያል። ቢያቀልጣቸው ኖሮ ወንበሩ ከማንኛውም ብረት የተሠራ ይሆን ነበር። እኔ ግን ስለዚህ ወንበር ባሰብኩ ቁጥር አእምሮዬ የሚሄደው ወደ ስፌት መኪናው ነው። የሆነች ሴት በአንድ ጠመንጃ ምትክ መኪና ወስዳ ልብስ ሰፍታ ልጅ አሳድጋ ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራዬ ትንሽ ነው። በመዳፍ ይያዛል። አሥራ ሁለቱን ሰሌዳ ከጨረስኩ በኋላም መቀሱ እያሳዘነኝ ነበር። ቀለሙን መመለስ አይቻልም። አንድ ቀን አውራ ጣቴን ቀለበቱ ውስጥ ሳስገባ ግን ሰፋኝ። የእናቴ ጣት ከእኔ ይወፍር ነበር። ያ ክፍተት አሁንም እዚያው አለ፤ ሽቦው አልነካውም።

ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። ሠሪው መጀመሪያ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ወይም በጄሶ ይለብጠዋል። ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ወርቁ የሚፈስሰው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቃሉን እሰማው ነበር። በእጄ እስክሠራው ድረስ ግን ወርቁ ሙሉ በሙሉ በሰሙ አለመኖር ላይ የቆመ መሆኑን አስቤው አላውቅም።

ሰም በሞቀ ውሃ አላልቼ ቀለበቱ ውስጥ ሞላሁት። ሲቀዘቅዝ ገፍቼ አወጣሁት። የወጣው የእናቴ አውራ ጣት ይሞላው የነበረው ቦታ ነው። ሞላላ፣ አንድ በኩል ጠበብ ያለ፣ ጣቷ ሲጫነው በኖረበት በኩል ለስለስ ያለ። በጄሶና በደቃቅ አሸዋ ለበጥነው። (ዱቄቱን ስትቀላቅሉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ሳንባ ይጎዳል።) ነሐሱን ያፈሰሱልኝ ጋሼ ናቸው። ይህን ለብቻችሁ አትጀምሩት። ቅርጹ ውስጥ ትንሽ እርጥበት እንኳ ከቀረ የቀለጠው ብረት ይፈናጠራል። ጋሼ ቅርጹን እሳት ውስጥ ለሰዓታት አቆይተው፣ ደርቋል ካልኩ በኋላም ተጨማሪ አቆዩት።

ሲቀዘቅዝ ጄሶውን ሰብረን አወጣነው። ወደ ቀለበቱ መልሼ ላስገባው ስሞክር ላላ አለ። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ጋሼ ሳቅ ብለው «ሁልጊዜ ያንሳል ልጄ፤ ትክክል እንዲመጣ ከፈለግሽ ሰሙን አስበልጠሽ ሥሪው» አሉኝ። ደግሜ ልሠራው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። የሠራሁት እናቴን አይደለም፤ ከእሷ የቀረውን ነው። ትንሽ ማነሱ ልክ ነው።

በምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናይጄሪያ ውስጥ በነበረው የቤኒን መንግሥት ቤተ መንግሥት፣ ነሐስ አፍሳሾች የነገሥታቱን ታሪክ በሰሌዳ ላይ ይቀርጹ ነበር። በሕዝቡ በኤዶ ቋንቋ ማስታወስን የሚገልጽ አንድ ቃል አለ፤ ትርጉሙ ሲፈታ ቅርጽን በነሐስ ማፍሰስ እንደማለት ነው። ይህን ሳነብ ያቺን የነሐስ ቁራጭ መዳፌ ውስጥ ይዣት ነበር። እጄ ውስጥ ሞቃለች።

የመጨረሻው ጥያቄ መዝጋት ወይስ አለመዝጋት የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስብ ያልፋል። ሥራው አለቀና ቫርኒሽ ይቀባዋል። መዝጋት ማለት ግን ጊዜን እዚህ ጋ ቁም ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻ መወሰን አለባችሁ። እኔ ቫርኒሽ አልወድም። ሲያረጅ ይላጣል፣ በተላጠበት በኩል ነጠብጣብ ይይዛል። የንብ ሰም እመርጣለሁ። ሰሌዳውን እጅ እስኪችለው ድረስ አሙቁት፣ ሰሙን በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ አሹት። ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል፤ አትደንግጡ። ሰም እየሳሳ ስለሚሄድ በዓመት አንዴ ይታደሳል። ይህ መታደሱ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ለእኔ ግን በዓመት አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሥራ አንዱን ሰሌዳ አንድ በአንድ የማሽበት ቀን ነው፤ ከእህቴ ጋር ነው የማደርገው።

አሥራ አንዱን ያልኩት አሥራ ሁለተኛው ስላልተዘጋ ነው። እሱን በር አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እህቴ መጥታ ስትወጣ ሁልጊዜ ዳሰስ ታደርገዋለች። አስባበት የምታደርገው አይመስለኝም። ጫማዋን ለማድረግ ስትደገፍ ነው አውራ ጣቷ እዚያ የሚያርፈው። ባለፈው ሳምንት አቧራ ስጠርግ አየሁት። ሰሌዳው ጥቁር ቡናማ ነው። የታችኛው ጥግ ላይ ግን፣ የአውራ ጣት ያህል ቦታ፣ መዳቡ ማብራት ጀምሯል።